ፉል ኢንሹራንስ ብልሽትን አያነሳም፦ መኪና መሀል አዲስ አበባ ላይ ሲቆም ማን ይደርሳል?

ማታ 12 ሰዓት ላይ ሜክሲኮ አካባቢ መኪናው ጠፍቶ አልነሳ ያለው ሾፌር መጀመሪያ ለሚያውቀው መካኒክ ይደውላል፤ መካኒኩ ካላነሳ ለኢንሹራንሱ። ስልኩን የሚያነሳው ሠራተኛ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ግጭት ነው ወይስ ብልሽት?» ብሎ ነው። «ብልሽት» ካሉት ጉዳዩ የእሱ አይደለም። በየዓመቱ ዳጎስ ያለ ዓረቦን የሚከፍለው ባለመኪና ሽፋኑ የቱ ጋ እንደሚያበቃ የሚረዳው ብዙውን ጊዜ በዚህች ጥያቄ ነው።

ሠራተኛው አልተሳሳተም፤ ውሉ የሚለው ይህንኑ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን መኪናው በሌላ ሰው ላይ ላደረሰው ጉዳት እንጂ ለራሱ ለመኪናው አይደለም። ፉል የምንለው ደግሞ የሚሠራው አደጋ ሲኖር ነው፦ ግጭት፣ መገልበጥ፣ ቃጠሎ፣ ስርቆት። ከማይሸፈኑት መካከል የሜካኒክና የኤሌክትሪክ ብልሽት፣ መሰበርና በአገልግሎት ብዛት ማለቅ በግልጽ ተጠቅሰው ይገኛሉ። ጎማም ቢሆን ሌላው የመኪናው አካል አብሮ ካልተጎዳ ለብቻው አይከፈልበትም። ክሬንን የሚመለከተው አንቀጽ የሚገባው ከአደጋ በኋላ ነው፤ መኪናውን ለመጠበቅና አቅራቢያው ወዳለ ጋራዥ ለማድረስ የወጣውን «ተገቢ ወጪ» ይከፍላል፣ እሱም በብር ጣሪያ ተወስኖ። ፖሊሲውን አውጥቶ ያንን ጣሪያ ከዛሬ የክሬን ዋጋ ጋር ማስተያየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣበት አንድ መስመር አለ። የመኪናው ሆድ ከድንጋይ ወይም ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ የዘይት ቋቱ ቢሰነጠቅ ይህ አደጋ እንጂ ብልሽት አይደለም፤ እንደ ሆነው መናገር ያስፈልጋል። ነገር ግን የዘይት መብራቱ በርቶ እያለ «ጋራዥ ድረስ ትድረስልኝ» ተብሎ ተነድቶ ሞተሩ ቢነክስ (ያለ ዘይት ግሎ ቢጣበቅ)፣ ኢንሹራንሱ ቋቱን ከፍሎ ሞተሩን አልከፍልም ቢል ውሉ ከጎኑ ነው። ጉዳት እንዳይባባስ መከላከል የባለቤቱ ግዴታ ነውና። ቀይ የዘይት መብራት ሲበራ ወዲያው ሞተር ይጠፋል፤ 500 ሜትር ቀረኝ አይባልም።

በግጭት ጊዜ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይለወጣል። ሰው ከተጎዳ ከሁሉ በፊት አምቡላንስ ነው፤ የቀይ መስቀል 907፣ ጭስ ወይም እሳት ካለ 939። ትራፊክ ፖሊስ ፕላን (የአደጋውን ንድፍ) ሳያነሳ መኪናውን በክሬን ማንሳት፣ ወይም ኢንሹራንሱ ሳያውቅ ጋራዥ አስገብቶ ማስፈታት የካሳ ጥያቄውን ያዳክማል። ክሬኑን ከመጥራት በፊት ለኢንሹራንሱ መደወልና የደወሉበትን ሰዓት፣ ያነጋገሩትንም ሠራተኛ ስም መያዝ ይበጃል።

የብልሽት ሽፋን፣ ማለትም መኪና ሲበላሽ ባለሙያ ወይም ክሬን የሚልክ የአባልነት አገልግሎት፣ ዛሬ የገነነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው መንገዱ ነው። ከ2016 ወዲህ በኮሪደር ልማት የታደሱት የፒያሳ፣ የአራት ኪሎ፣ የቦሌና የካዛንቺስ መንገዶች ጠርዛቸው ከፍ ያለ ነው፤ የብስክሌት መስመር፣ ሰፊ የእግረኛ መንገድና አበባ አላቸው። ድሮ የቆመ መኪና በሁለት ሰው ግፊ አፈሩ ላይ ይወጣ ነበር፤ አሁን የሚወጣበት አፈር የለም። ከመስከረም 2008 ጀምሮ ደግሞ የቀላል ባቡሩ አጥር ብዙ መንገዶችን ለሁለት ከፍሏል፤ ክሬኑ በተቃራኒው ረድፍ ከመጣ የሚዞርበት ቦታ ሩቅ ነው። የምድር ቤት ፓርኪንጎች ሌላ ፈተና ናቸው፤ ጣሪያቸው ዝቅ ስለሚል ጫኝ መኪና አይገባባቸውም፣ የቆመውን መኪና መጀመሪያ በሰው ወይም በትንሽ መኪና ወደ ውጭ ማውጣት ግድ ይላል።

ሁለተኛው ምክንያት የኤሌክትሪክ መኪና ነው። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ጥር 2016 ላይ ካሳወቀ ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል። ቪትዝንና ኮሮላን ሲጎትት የኖረው ክሬን ግን ያው ነው። ወደዚህ እንመለስበታለን።

መሀል ከተማ ላይ መኪና ከሚያስቆሙት ነገሮች አብዛኞቹ ክሬን አይፈልጉም፤ ባትሪ፣ ጎማ፣ ቺንጋ፣ ፊውዝ፣ ነዳጅ ናቸው። ስለዚህ የብልሽት ሽፋን የሚሸጥ ድርጅት ስለ ክሬኑ ብዛት ሲያወራ ይሰማ፣ ግን መጠየቅ ያለበት «መጀመሪያ የሚመጣው ባለሙያ በሞተር ሳይክል ነው? ምን ይዞ ይመጣል?» ነው። ጎተራ በተዘጋጋበት ሰዓት ሞተረኛ መካኒክ ከየትኛውም ክሬን ቀድሞ ይደርሳል።

ባትሪን እንውሰድ። ቁልፍ ሲዞር ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ጠቅ ጠቅ ብቻ ካለና የዳሽቦርዱ መብራት ከደበዘዘ ጥፋቱ ባትሪ ወይም የባትሪ ራስ ነው። ነጭ ዱቄት የያዘ የባትሪ ራስ በሙቅ ውኃ ታጥቦ ሲጠበቅ ብቻ የሚነሱ መኪኖች ጥቂት አይደሉም። በቴስተር ሲለካ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት፣ ግማሽ የሆነው 12.2 አካባቢ ያሳያል፤ ከ12 በታች ያለው ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ከሌላ መኪና በገመድ ሲነሳ ቀዩ መጀመሪያ ከደከመው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ቀጥሎ ከጤነኛው ፖዘቲቭ ይታሰራል። ጥቁሩ ከጤነኛው ኔጌቲቭ ይጀምርና መጨረሻው ከደከመው ባትሪ ላይ ሳይሆን ራቅ ብሎ ከሞተሩ ባዶ ብረት ላይ ይያዛል፤ ብልጭታው ከባትሪው ጋዝ ጋር እንዳይገናኝ ነው። ጤነኛው መኪና ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ከሠራ በኋላ ይሞከራል። ገመዱ ሲነካ የሚያቃጥል ከሆነ ቀጭን ነው፤ ላስቲኩ ወፍራም ሆኖ ውስጡ እፍኝ የማይሞላ መዳብ የሆነ ገመድ ገበያ ላይ ሞልቷል። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ከተቀያየሩ ደግሞ ዋናው ፊውዝ፣ የጀነሬተሩ ዳዮድ፣ አንዳንዴም ኮምፒዩተሩ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ክሬኑ በእርግጥም ያስፈልጋል።

መኪናው ከተነሳ በኋላ ያለው ልኬት ከማስነሳቱ ይበልጣል። ሞተር እየሠራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ከተነበበ ጀነሬተሩ ደህና ነው፤ ወደ አዲስ ባትሪ መግዣ ይኬዳል። ከ13 በታች ከሆነ አዲስ ባትሪ ገዝቶ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው፤ በማግስቱም ይወድቃል። ይህን ሳይለካ አስነስቶ ሒሳብ ተቀብሎ የሚሄድ ባለሙያ ሥራውን ግማሽ ላይ ትቶታል።

መሞቅ ግን የአዲስ አበባ የራሷ ጣጣ አለበት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የራዲያተር ክዳን ሥራው ውስጡን በግፊት ይዞ መፍያውን ወደ 115 ዲግሪ መውሰድ ነው። የብዙ መኪኖች ፋን የሚነሳው 95 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። እንግዲህ የክዳኑ ላስቲክ ደርቆ ግፊት መያዝ ካቆመ ውኃው ፋኑ ሳይነሳ በፊት ይፈላል ማለት ነው። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቀ የወጣ መኪና ያፈላና ሾፌሩ ፋን ያስለውጣል፣ ቴርሞስታት ያስወጣል፤ በደሉ ያለው ግን በመጠኑም በዋጋውም ትንሹ ዕቃ ላይ ነው። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን የግፊት ቁጥር፣ 0.9 ወይም 1.1፣ አይቶ ያንኑ መግዛት እንጂ «የገጠመውን» መውሰድ አይገባም። ቴርሞስታት አውጥቶ መጣልም መፍትሔ አይደለም፤ ሞተሩ ትክክለኛ ሙቀቱን ሳያገኝ ነዳጅ እየበላ ይኖራል።

መርፌው ወደ ቀይ ሲሄድ ኤሲ ይጠፋል፣ የመኪናው ማሞቂያ ሙሉ ይከፈታል፣ የመጀመሪያው ቦታ ላይ ይቆማል። ክዳኑ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አይነካም፤ የላይኛው ቱቦ በእጅ ሲጨመቅ ጠንካራ ከሆነ አሁንም ግፊት አለ። ቀዝቃዛ ውኃ በጋለ ሞተር ላይ መገልበጥ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ያጣምማል። ውኃ ከተሞላ በኋላ ማርሚታው ነጭ ጭስ ካበዛ ወይም ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ እየተንደቀደቀ ከወጣ ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል፤ ከዚያ ወዲያ በገዛ ጉልበቱ መሄድ የለበትም። የክሬን ዋጋ ከቴስታታ ሥራ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

ስለ ጎማ ብዙ አያስፈልግም፤ ጎሚስታ የሌለበት ሰፈር የለም። ሁለት ነገር ብቻ። ስኮርቱ (ተጠባባቂው ጎማ) ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ 60 ፒኤስአይ ነፋስ ይፈልጋል፤ ሳይነፋ ዓመታት ስለሚቀመጥ በሚፈለግበት ቀን እሱም ተኝቶ ይገኛል። ቡሎኖቹ ክሪክ ከመነሳቱ በፊት መሬት ላይ ሳለ ግማሽ ዙር ይላላሉ፣ ሲጠብቁ በመስቀለኛ፤ በብረት ቧንቧ ላይ ተቁሞ የተጠበቀ ቡሎን ለቀጣዩ ሰው ራስ ምታት ነው።

ነዳጅ ያለቀበት ሰው ነገር ግን አስቂኝ ሆኗል። የሌላ አገር የብልሽት ውል ተገልብጦ «5 ሊትር ነዳጅ እናደርሳለን» የሚል ቃል እዚህም ይሸጣል። ማደያ ግን በጀሪካን አይቀዳም፤ ክልክል ነው። ታዲያ ከየት ነው የሚመጣው? ከራሳቸው መኪና ቀድተው ከሆነ ይበሉና ይጻፉት፤ ካልሆነ ያ አንቀጽ በተግባር «ማደያ ድረስ እንጎትታለን» ማለት ነው፣ ያውም ሰልፍ ከሌለ። በተጨማሪ ታንከሩ ደርቆ የቆመ ናፍጣ መኪና ነዳጅ ስለተጨመረለት ብቻ አይነሳም፤ መስመሩ ውስጥ የገባው አየር በእጅ ፖምፓ መውጣት አለበት።

አሁን ወደ መጎተቱ። በከተማችን ቅድሚያ የሚሰጠው ገመድ ነው። በገመድ የሚጎተተው መኪና ሞተሩ ስለጠፋ ፍሬኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ መሪውም ይከብዳል። ቁልፉ ኦን ላይ ካልሆነ መሪው ይቆለፋል። ከፒያሳ ቁልቁል በዚህ ሁኔታ መውረድ ምን እንደሆነ መገመት አይከብድም። ሌላም የማይነገር ነገር አለ፦ በተለመደው የፖሊሲ አጻጻፍ የጎታቹ ኢንሹራንስ በተጎታቹ መኪና ላይ ለሚደርስ ጉዳት አይከፍልም፣ በክፍያ ከጎተተ ደግሞ ሽፋኑ ራሱ አጠያያቂ ይሆናል። ወዳጅ ልርዳ ብሎ የወዳጁን ፓራውልት ቢሰብር ሁለቱም ከኪሳቸው ነው።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና በግፊ አይነሳም፤ መጎተቱም ሥርዓት አለው። የካምቢዮውን ዘይት የሚያዞረው ፖምፓ የሚሠራው ሞተሩ ሲሠራ ነው። ስለዚህ በፊት እግሩ የሚነዳ መኪና፣ እንደ ቪትዝ፣ ያሪስና ዲዛየር ያለው፣ የፊት ጎማዎቹ ተነሥተው የኋላዎቹ መሬት ላይ እየተንከባለሉ፣ የእጅ ፍሬኑ ተለቆ ይሄዳል። በተገላቢጦሽ ከኋላ አንጠልጥሎ የሚጎትት ክሬን ከሩቅ ጋራዥ ሲደርስ በባትሪ የቆመችውን መኪና በካምቢዮ ብልሽት ያስረክባል። አራቱም ጎማ የሚነዳው ደግሞ አንዱም ጎማ መሬት መንካት የለበትም።

የኤሌክትሪክ መኪናም እንደዚሁ ሙሉ በሙሉ ተጭኖ ነው የሚሄደው። የሚነዱት ጎማዎች ሲዞሩ ሞተሩ አብሮ ይዞራል፣ ኤሌክትሪክም ያመነጫል፤ ሲስተሙ ጠፍቶ ሳለ ያ ኃይል መሄጃ ስለሌለው ኢንቨርተሩን ሊጎዳ ይችላል። ሎቤድ (መኪናውን ሙሉ በሙሉ የሚጭን ጠፍጣፋ ተሽከርካሪ) ከሌለ የሚነዱት ጎማዎች ሥር ትንንሽ ተሽከርካሪ ጋሪ ይገባል። ክብደቱም ይታሰብ፦ ቪትዝ አንድ ቶን ገደማ ነች፣ የቮልስዋገኑ ኤሌክትሪክ መኪና አይዲ ፎር ከ2 ቶን ያልፋል። ለቪትዝ የተሠራ ማንጠልጠያ ላይ አይዲ ፎርን መስቀል አደጋ መጥራት ነው።

የሚያስቀው፣ እነዚህን መኪኖች ከሚያስቆሙት አንዱ ትልቁ ባትሪ ሳይሆን እንደማንኛውም መኪና ያላቸው ትንሹ 12 ቮልት መሆኑ ነው። እሱ ሲደክም በሩ በሪሞት አይከፈትም፣ ስክሪኑ አይበራም፣ ኤሌክትሪክ የእጅ ፍሬኑ አይለቅም፣ ወደ ኒውትራልም አይገባም። ትልቁ ባትሪ ሰማንያ በመቶ ሞልቶ መኪናው ግንድ ይሆናል። በሪሞቱ ውስጥ በተደበቀችው ብረት ቁልፍ በሩን ከፍቶ፣ 12 ቮልቱን በቡስተር (በተንቀሳቃሽ ማስነሻ ባትሪ) ማገዝ በቂ ነው፤ አንዴ «ሬዲ» ካለ ከትልቁ ባትሪ ራሱ ይሞላዋል። ይህን የማያውቅ ክሬነኛ ግን የተቆለፉ ጎማዎችን በሰንሰለት እየጎተተ ይጭናል። ሰንሰለቱንም የሚያስረው ከታች ባገኘው ነገር ላይ ነው፤ ከታች ያለው ደግሞ የባትሪው ሣጥን ነው። ትክክለኛው ማሰሪያ ከኋላ ዕቃ ማስቀመጫ ወለል ሥር የሚገኘው የመጎተቻ ቀለበት ነው፦ ፓራውልቱ ላይ ያለችው ትንሽ ክዳን ተከፍታ እዚያ ውስጥ ይጠበቃል። በቮልስዋገን ላይ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው፤ እንደለመደው ወደ ቀኝ የሚያዞር ሰው «ጥርሱ አልቋል» ብሎ ይተወዋል።

ቻርጅ ላለቀበትም ወዴት እንደሚጫን ቀድሞ መወሰን አለበት። ለቻይና ገበያ የተሠሩት መኪኖች ጂቢቲ የሚባለው መሰኪያ፣ የአውሮፓዎቹ ሲሲኤስ 2 አላቸው። ክሬኑ የማይገጥም ቻርጀር ያለበት ቦታ አራግፎ ከሄደ ሁለተኛ ጉዞ ሁለተኛ ሒሳብ ነው። ብዙዎቹ ስኮርት የላቸውም፤ ማሸጊያ ፈሳሽና ትንሽ ኮምፕሬሰር ብቻ ነው ያላቸው። ፈሳሹ የምስማር ቀዳዳን ይደፍናል፣ የድንጋዩ ጠርዝ የሰነጠቀውን የጎማ ጎን ግን ምንም አያደርገውም። እና ክሪኩ ከተመለከተለት ነጥብ ውጭ ገብቶ የባትሪውን ሣጥን ከቀጠቀጠ የጎማ ነገር ትልቅ ነገር ሆነ ማለት ነው።

የአባልነት ውል ከመፈረም በፊት ከዋጋው ይልቅ ትርጉሞቹ ይነበቡ። «በ30 ደቂቃ» የሚለው መድረስ ነው ወይስ መልሶ መደወል? ሽፋኑ ለመኪናው ነው ወይስ ለሰውየው? በዓመት ስንት ጥሪ? ከተከፈለ ከስንት ቀን በኋላ ይጀምራል? ሌሊትስ? ኪሎ ሜትሩ የሚቆጠረው ክሬኑ ከቆመበት ነው ወይስ ከመኪናው? ምድር ቤት ውስጥ ያለ መኪና ይነሳል? ከጋራዥ ወደ ጋራዥ ማዛወርስ? በእኛ ግምት መሀል ከተማ ለሚነዳና አምስት ዓመት ያልሞላው መኪና ላለው ሰው ትልቁን ጥቅል መግዛት አያዋጣም፤ ጥሩ የባትሪ ገመድ፣ ቴስተር፣ የተነፋ ስኮርትና የሁለት ክሬን ስልክ ይበቁታል። በመኪናው ለሚተዳደር ባለታክሲ ግን ግማሽ ቀን መቆም ራሱ ኪሳራ ነውና ሒሳቡ ይለያል። ድርጅቱ ቃሉን ካልጠበቀ አቤቱታው ከኢንሹራንስ ጋር ሳይሆን በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ከንግድ ቢሮ ጋር ነው፤ ሽፋኑ በኢንሹራንስ ኩባንያ ፖሊሲ ላይ ተጨምሮ ከተሸጠ ደግሞ ተቆጣጣሪው ብሔራዊ ባንክ ነው።

አባል ያልሆነ ሰው ከክሬነኛ ጋር የሚነጋገረው መንገድ ላይ ቆሞ፣ ጥሩምባ እየተነፋበት ስለሆነ ቶሎ ይሸነፋል። ቢሆንም መኪናው ከመሬት ሳይነሳ ሦስት ነገር ይቁረጥ፦ ጠቅላላ ዋጋው ከማውረዱ ጋር፣ መድረሻው፣ ጋራዥ ተዘግቶ ቢገኝ የሚጨመረው። ቦታ ሲነገር ምልክቱ ብቻ አይበቃም፤ «ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት፣ ከስታዲየም ወደ ሜክሲኮ በሚሄደው ረድፍ» ማለትና ሎኬሽን በቴሌግራም መላክ ግማሽ ሰዓት ያተርፋል። እስኪመጣ አራቱ ፍሬቻ ይብራ፣ ተሳፋሪ በቀኝ በኩል ወርዶ ከመንገዱ ይራቅ፣ አንጸባራቂው ሦስት ማዕዘን ከኋላ 30 ሜትር ያህል ርቆ ይቁም። ቅጠልና ድንጋይ የተጠቀመ ሰው ሲሄድ ድንጋዩን ያንሣ፤ ማታ ላይ የሚቀጥለው ሞተረኛ የሚወድቀው በእሱ ነው።

ከመጫኑ በፊት አራቱንም ጎን፣ ቸርኬዎቹንና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ፎቶ ማንሳት፣ የክሬኑን ታርጋም አብሮ። በማጓጓዝ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ክሬነኛው ኢንሹራንስ እንዳለው መጠየቅ ነውር የለውም፤ ካለው ወረቀቱን ያሳያል። ከሌለው ደግሞ የባለመኪናው ፉል ኢንሹራንስ ከክሬን ላይ ለወደቀ መኪና ይከፍል እንደሆነ ቀድሞ ከኩባንያው በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል፤ በስልክ «አዎ» ያለው ሠራተኛ በካሳ ክፍያ ክፍል ውስጥ አይቀመጥም።